እታታ ከመርዶ ነጋሪነት የተሻሩበት እሑድ

ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። በሰው አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ከሚገኙት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከአባቴ ታላቅ እህት ጋር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ እንኖራለን። አልጋው የእሳቸው፣ ሶፋው የእኔ። እታታ ነው የምላቸው። ዳቦ ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ሙሉ የሥራ ሰዓታቸውን የተቆረጠ ዳቦ ላስቲክ ውስጥ ሲከቱ ይውላሉ። እዚያ ስማቸውን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። በእኛ ሰዎች ዘንድ ግን እታታ ባለ ሹመት ነበሩ። በእድራችን ደንብ አንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት፣ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የተመረጡ መርዶ ነጋሪ።

ይህን ስናገር የዛሬ ልጆች የቀለድኩ ይመስላቸዋል። አልቀለድኩም። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ከዚያ መርዶ ነጋሪ። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ እኔ ትምህርቴን ገና ከሰባተኛ ክፍል ባቋርጥም የተጻፈ ነገር ካገኘሁ አላልፍም፣ ቤታችን ውስጥ ደግሞ በአማርኛ የሚነበበው እሱና የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ነበር። ሰዉ "ሕገ መንግሥታችን" እያለ ይቀልድበት ነበር እንጂ ቀልድ አልነበረም፤ በሱዳን በኩል አድርገው የመጡት ሰዎች ሲመሠርቱት ተጨንቀው ተጠበው የጻፉት ነው።

ለመርዶ ነጋሪ አንቀጽ ያወጡትም ያለ ምክንያት አይደለም። በእነሱ ጊዜ ወደ አገር ቤት ስልክ ማግኘት መከራ ነው። አንድ ሰው እናቱ ስትሞት ወሬው በደብዳቤ ወይ በመንገደኛ እዚህ ይደርስና፣ ባለቤቱ ሳይሰማ አገሩ ሁሉ ይሰማዋል። ከሁሉ የከፋው፣ አንዱ ምስኪን ሰብዌይ ባቡር ሲጠብቅ አንድ የማያውቀው ሰው መጥቶ "ለእናትህ ነፍስ ይማር" ብሎት፣ እዚያው ራሱን ስቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሕግ የወጣው። ወሬ የደረሰው ሰው አፉን ዘግቶ ለመርዶ ነጋሪዋ ይነግራል። መርዶ ነጋሪዋ ሁለት ሽማግሌ ይዘው፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ሄደው ያረዱታል። በስልክ ማርዳት ክልክል።

ሹመት ያስፈለገውም መርዶ ያረዳን ሰው ማንም ስለማይወደው ነው። አንድ ሰው ጥላቻውን ለሁላችን ይሸከምልን ማለት ነው። በየምርጫው ለሊቀ መንበርነት ሲፎካከሩ ያመሻሉ፣ አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ወደ እታታ ዞሮ ያጨበጭባል። አለቀ።

እታታ ደግሞ ይችሉበት ነበር። "ሞተ" የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ከሰውየው ጎን ጠጋ ብለው ይቀመጡና እጁን ይይዛሉ፤ የሟቹን ስም ዝግ ብለው ይጠሩና ደግነቱን ይጀምራሉ። ሰው ገና ደግነቱን ሲሰማ ይገባዋል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ መኪና በር ከፍተው ያስገቧቸዋል፣ ቦርሳቸውን ይይዙላቸዋል። ዳቦ ፋብሪካ "ሄይ" እየተባሉ ለሚውሉ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አስብ ነበር። ይህ ቢቀር ምን ይቀራቸዋል እል ነበር።

በኋላ ኮሊንግ ካርድ የሚባል፣ በርካሽ ስልክ የሚያስደውል ነገር መጣ። ሰዉ እሑድ እሑድ አገር ቤት ኮል ማድረግ ጀመረ። እታታ ማልደው ሊያረዱት ሲሄዱ ሰውየው ቀድሞ ሰምቷል። ሰምቻለሁ ብሎ እንዳይመልሳቸው ደግሞ ያፍራል። ቶርንክሊፍ ፓርክ አንድ ሰው ነበር፤ አባቱ ከሞቱ ሳምንት አልፏቸዋል፣ እሱም አልቅሶ ወጥቶለታል። እታታ እጁን ይዘው ደግነት ሲጀምሩ እንደ አዲስ ጮኸ። ሲመለሱ መኪና ውስጥ አንዱ ሽማግሌ፣

"እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለተኛ ዙር ነው ያለቀሰልን" አላቸው።

እታታ አልሳቁም።

እኔ ግን ከእሳቸው ጋር መታየት እያሳፈረኝ ሄደ። ምን ላድርግ፣ የሆነውን ነው የምናገረው። ብሉር ጎዳና ላይ አንዱ የአበሻ ምግብ ቤት አብረን ስንገባ የሰዉ መንጋጋ ይቆማል። ጉርሻ በእጁ የያዘ ይዞ ይቀራል። አንዱ ከጥግ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣

"እትዬ፣ በሰላም ነው?" ይላል።

"በሰላም ነው፤ ሽሮ ልበላ ነው።"

ይሳቃል፤ ግን ከልብ አይደለም። እስክንወጣ ድረስ የሚዝናና የለም። እኔ ሜኑውን ፊቴ ላይ አድርጌ በቃሌ የማውቀውን ምግብ አነብባለሁ። ሕንፃችን ውስጥ አበሻ ሆኖ ኤሌቬተር ውስጥ ያገኘን ሰው፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ ብሎ በሚቀጥለው ፎቅ ይወርዳል።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ቅዳሜ ማለዳ የእሳት ደወሉ የጮኸ ዕለት ነው። ያ ደወል በየጊዜው በከንቱ ይጮሃል፤ ሰዉ ለምዶት ትራሱን ጆሮው ላይ አድርጎ ይተኛል። እታታ ግን አይተኙም። በሌሊት ልብሳቸው ላይ ጋቢ ጣል አድርገው፣ የአገራቸውን ልጆች በር እያንኳኩ ሊያስወጡ ተነሡ። እኔም ተከተልኳቸው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሰውየው ሌሊት ሽፍት ሠርቶ ገና አልተመለሰም። ሴቲቱ እንቅልፍ በዓይኗ እንደሞላ በሩን ስትከፍት፣ በጎሕ፣ እታታ ቆመዋል።

ደወሉን ረሳችው። "አባቴን!" ብላ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። "አባቴን! አባዬን!"

"እሳት ነው ልጄ!" አሉ እታታ። "እሳት ነው! እሳት ብቻ ነው!"

ማን ይስማቸው። ደረቷን እየመታች አነባች። ጩኸቷን ሰምተው ከወዲህም ከወዲያም ሌሎች አበሾች ወጡ። እታታን ሲያዩ እነሱም ሳይጠይቁ ማልቀስ ጀመሩ፤ አንዷማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው ከቤቷ የወጣችው። ፊት ለፊት የምትኖር አንዲት ጃማይካዊት አሮጊት ሴቲቱን ደረቷ ላይ ደግፋ፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ አለቀሰች። እታታ መሀል ቆመው "እሳት ነው" ይላሉ፣ ደወሉ ይጮሃል፣ የሚወርድ ሰው የለም።

እሳት አደጋዎች መጥረቢያቸውን ይዘው በደረጃው ሲደርሱ ያገኙት ልቅሶ ነው። አንዱ ወጣት ከሁሉ እኔ ብቻ አለማልቀሴን አይቶ ጠጋ አለኝ።

"ማን ነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም" አልኩት በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ።

"ታዲያ ምን ሆነው ነው?"

ምን ልበለው? ወደ እታታ አመለከትኩና "እሳቸው ስለመጡ ነው" አልኩት። ሰውየው እታታን ከእግር እስከ ራስ አያቸው። አንዲት አጭር አሮጊት፣ በጋቢ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሦስተኛ ፎቅ ዳቦ ያቃጠለ ሰው ነበር፤ በቃ፣ እሳቱ ያ ነው። እኔ ግን ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ግድ አልነበረኝም።

ቤት ስንገባ እታታ ሻይ ጥደው፣ "ያቺ ልጅ ጉልበቷን ሳትጎዳ አትቀርም" ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ዝም። ያን ዝምታቸውን እኔ በራሴ ፈታሁት፤ ክብራቸው ተነካ፣ በዚያም ላይ ሊያወርዷቸው ነው ብለው ፈሩ ብዬ።

በእርግጥም የሴቲቱ ባል ብዙም ሳይቆይ፣ አንቀጽ አሥራ አንድ ከደንቡ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ለኮሚቴው አቀረበ። ደንብ የሚለወጠው ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ፣ በምሥጢር ድምፅ ነው። ቀኑ ለአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ቤዝመንት ተቀጠረ።

ያን እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እታታ አዲስ ነጠላ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፣ እኔ ከጎናቸው። ሊቀ መንበሩ ጠብ የሚፈራ፣ "እንግዲህ" ሳይል ዓረፍተ ነገር የማይጀምር ሰው ነው።

"እንግዲህ፣ አንድ ሐሳብ ቀርቧል" ብሎ ወደ ባልየው አመለከተ።

ባልየው ተነሣ። ወደ እታታ አላየም። "እትዬን ለመንካት አይደለም" አለ። "እሳቸው እናታችን ናቸው። ሹመቱ ነው ጊዜው ያለፈበት። ዛሬ ሁሉም ስልክ አለው። ባለቤቴ እስካሁን በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች።"

ከኋላ አንድ ተጫዋች ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። "መሻሩስ ይሻር። ግን ለሹመቱ መርዶውን ማን ሊነግረው ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እታታም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ በእታታ ላይ የሳቁ መሰለኝ።

ቁራጭ ወረቀት ታደለ። "ይሰረዝ" ወይም "ይቆይ" ብሎ መጻፍ፣ ማጠፍ፣ ካርቶኑ ውስጥ መክተት። እታታ ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ከልለው ጻፉ። እኔ "ይቆይ" ብዬ ጻፍኩ። በኤሌቬተሩም፣ በምግብ ቤቱም፣ በኮሪደሩም ሳፍርባቸው ከርሜ፣ ዛሬ እንኳን ከእሳቸው ጋር ልቁም ብዬ ነው። ሌላውም ሰው ቢያንስ ግማሹ ለእሳቸው ሲል እንዲሁ የሚጽፍ መስሎኝ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቶቹን እየፈታ ጮክ ብሎ ያነብባል። ይሰረዝ። ይሰረዝ። ይሰረዝ። እንደ ምህላ አንድ ቃል ብቻ። ካርቶኑ ወደ ማለቁ ሲደርስ አንዱን ፈታና ደግሞ አየው።

"ይቆይ።"

የቀሩትም ሁሉ ይሰረዝ ሆኑ። በዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል ይቆይ የሚለው ያ አንድ ነው። የሰዉ ዓይን በአንድ ጊዜ እታታ ላይ አረፈ። ወዲያው ደግሞ እንዳላየ ሆኖ ከእሳቸው ላይ ተነሣ። ሁሉም አንድ ነገር አስቧል። ምስኪን፣ ለራሳቸው ብቻቸውን ድምፅ ሰጡ።

እንግዲህ የእኛን ሰው ይሉኝታ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ከመሀል፣

"ኧረ እኔ ሳላስብበት ነው የጻፍኩት!" አለች።

"እኔም ጥያቄው አልገባኝም ነበር" አለ ሌላው።

"ኧረ ይቆይ! ምን ቸገረን፣ ወረቀት ላይ ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል?"

ባልየው ራሱ ላብ አጥምቆት ተነሣ። "ሐሳቤን መልሼ ወስጃለሁ። እናታችንን አስቀይሜ ወዴት እገባለሁ?"

ሊቀ መንበሩ እፎይ አለ። "እንግዲህ ጉባኤው ከፈቀደ፣ የወረቀቱን እንተወውና በእጅ እናድርገው። አንቀጹ ባለበት ይቆይ፣ እትዬም በሹመታቸው ይቀጥሉ የምትሉ…"

እጅ እንደ ጉድ ተነሣ። ከደቂቃዎች በፊት ይሰረዝ ያለ እጅ ሁሉ።

ያኔ ብድግ አልኩ። "እኔ ነኝ! ይቆይ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም!"

ከዚያ አንዲት እናት፣ "ጎሽ የኔ ልጅ!" አሉ።

"ልጅ ማለት እንዲህ ነው! ለአክስቷ ስትል!"

"እውነቴን ነው! እግዚአብሔርን!" አልኩ።

"አትማዪ ልጄ" አሉ እኒያ ተጫዋች ሽማግሌ፣ አሁን ግን አዝነው። "ቤተ ክርስቲያን ሥር ነን። ገብቶናል።"

አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። ለአክስቷ ስትል ዋሸች ብለው በሚያመሰግኑኝ ሰዎች ፊት ቆሜ ቀረሁ። ይባስ ብዬ ጥርጣሬውን በእታታ ላይ አረጋገጥኩባቸው፤ ዘመዳቸው ይህን ያህል ከተከላከለችላቸው ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው።

እታታ ቀሚሴን ያዝ አድርገው፣ "ቁጭ በይ" አሉኝ። ተነሡ።

"ልጆቼ፣ እኔ ይሰረዝ ብዬ ነው የጻፍኩት።"

"ትሕትናቸው!" አለ አንዱ።

"እንዲህ ያለ ሰው ነው እንዲያውም መሾም ያለበት!" አለች ያቺው የመሀሏ ሴት፣ አሁንም ጭብጨባ ተጀመረ።

እታታ እስኪያልቅ ጠበቁ። የሁለት እጆቻቸውን ጣቶች አቆላልፈው ነበር።

"ትሕትና አይደለም" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። "ሰው በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ፊቱ የሚሆነውን እናንተ አላያችሁትም። እኔ ነኝ የማየው። መርዶ ባልይዝም ያው ነው። ምጣድ ልዋስ ብሄድም ያው ነው። እናንተ ቤት ለምን እንደማልመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ራሴ ልተወው ስል ደግሞ፣ ሕዝብ የሰጠኝን ጥዬ ሄድኩ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ባርኮ ያሸከመኝ ሕዝብ ባርኮ ያውርደኝ ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬ ያወርዱኛል ብዬ ነጠላዬን አጥቤ መጣሁ።"

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

"ደስ እንዲለኝ ብላችሁ እንደሆነ፣ እባካችሁ ልቀቁኝ።"

ይህን ብለው ጎንበስ አሉ። እጅ ነሱ። ሽማግሌ ሴት፣ ልጆቻቸው ሊሆኑ በሚችሉ ሰዎች ፊት፣ ለማኝ እንደሚለምን። ቤቱ ውስጥ ቀና ያለ አንገት አልነበረም። ባልየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። እኔ የወለሉን ንጣፍ አየሁ። ወረቀቷን እንደ ሰዉ ብጽፋት ኖሮ በሙሉ ድምፅ፣ በክብር፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ይወርዱ ነበር። እንዲለምኑ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

ሊቀ መንበሩ "እንግዲህ" እንኳ አላለም። "እሺ እናታችን። ይሰረዝ የምትሉ?" አለ። እጅ ተነሣ፤ በዝግታ፣ በሐፍረት። የእኔም ተነሣ። ከኋላ አንዷ በደስታ ይሁን በድንጋጤ "እልል" ልትል ጀመረች፣ ጎረቤቷ ቆነጠጠቻትና መሀል ላይ ቀረ።

ሲያልቅ ሦስት ሰው በመኪና ላድርስዎ አላቸው። "ዛሬስ በባስ ነው" አሉ።

ባሱ ላይ እሳቸው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ሸለቆውን የሚሻገረው ድልድይ ላይ ስንደርስ ሳይዞሩ፣

"እውነት አንቺ ነበርሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እታታ።"

"ለምን?"

"ሹመቱን ከወሰዱብዎ…" አልኩና ተንተባተብኩ። "ከዚያ በኋላ ማን ያከብርዎታል ብዬ።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ስወዳቸው የኖርኩ መስሎኝ እንዲህ ነበር የማያቸው፤ ያለ ሞት ወሬ ለምንም የማይፈለጉ ሰው አድርጌ። እታታ ከታች ያለውን ዛፍ ሲያዩ ቆዩ።

"አንድ ቤት እየኖርን፣ ምናለ ብትጠይቂኝ" አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማታም ሶፋዬ ላይ ሆኜ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ዘጋሁት።

የእድሩ ጸሐፊ ደንቡን እንደገና በታይፕ አስመትቶ አደለ። አሥር ብሎ ወደ አሥራ ሁለት ይዘልላል፤ ቁጥሩን ማስተካከል ረስተውት ነው፣ ማንም ግን አላነሣውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ ቶርንክሊፍ ፓርክ የአንድ እድርተኛ ሚስት ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እታታ ለእኔም ምንም አልነገሩኝም፤ በኋላ ከአራሷ ነው የሰማሁት። ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቀው ቀደም ብለው ወጡ፣ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ በፌስታል ይዘው፣ ከቀትር በኋላ በባስ ሄዱ። አራሷ በሩን ከፍታ፣ ሳትደነግጥ አስገባቻቸው። ገንፎ አገነፉላት፣ አበሏት፣ ልጁን አጠቡ፣ ያደረውን ዕቃ አጠቡ። ሲመሽ በባስ ተመለሱ፣ እራታቸውን በሉ፣ በማግስቱ ሥራ ስለነበራቸው በጊዜ ተኙ።